ከአፍንጫ በፊት መለኪያ፦ ጋዝ የሚያጥቡ ልጆች ይሠልጥኑልን

ይድረስ ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር፣ ለነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን፣ እንዲሁም በቱሉ ዲምቱ፣ በኮዬ ፈጬ፣ በቂሊንጦና በአቃቂ ለምትኖሩ ጎረቤቶቼ በሙሉ

ጤና ይስጥልኝ።

የምጽፍላችሁ ከአዲስ አበባ ዳር፣ ከቱሉ ዲምቱ ነው። በረንዳዬ ላይ ስቆም ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ ይታየኛል። ሌሊት የከባድ መኪናዎቹን ድምፅ እየሰማሁ ነው የምተኛው። ቦቴ ባየሁ ቁጥር ግን የማስበው ስለጫነው ነዳጅ አይደለም። ነዳጁ ሲጣራ ከውስጡ ስለወጣው ነገር ነው።

በሙያዬ ኦፕሬተር ነኝ። በአንድ የዓረብ አገር ነዳጅ ማጣሪያ ውስጥ 11 ዓመት ሠርቻለሁ። ሥራዬ ጋዝ ማጠብ፣ ማለትም ከጋዝ ውስጥ መርዙን አጥቦ ማውጣት ነበር። ይህን ስናገር ሰው ግራ ይገባዋል። «ጋዝ ደግሞ ይታጠባል እንዴ?» ይሉኛል። አዎ፣ ይታጠባል። ሳይታጠብ ከቀረ ቧንቧ ይበላል፣ ሰው ይገድላል።

ልመናዬን ከወዲሁ ልናገር። ይህን ጋዝ የሚያውቁ፣ የሚለኩና የሚያጥቡ የራሳችን ልጆች አሁኑኑ ይሠልጥኑልን። ጉድጓድ የሚከፍት ሠራተኛ ሁሉ ደግሞ ደረቱ ላይ መለኪያ ይኑረው። ለምን እንደምቸኩል ልንገራችሁ።

ባለፈው ነሐሴ ከብሎካችን ጀርባ ያለው የፍሳሽ ጉድጓድ ሞላ። ዝናቡ አላባራ ብሎ ነበር። የመምጠጫ መኪና ተጠራ። ቱቦው ጉድጓዱ ውስጥ በሆነ ነገር ተደፈነና መምጠጥ አቆመ። አንድ የቀን ሠራተኛ ልጅ ጫማውን አወለቀ። ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰበሰበ። መሰላል ተደገፈለትና መውረድ ጀመረ። ዕድሜው ከሃያ ሁለት አይበልጥም።

ሽታው ገና ክዳኑ ሲነሳ ነበር ሰፈሩን ያዳረሰው። የገማ እንቁላል ሽታ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው ራቅ አሉ። እኔ ከደረጃው እየወረድኩ ነበር። ልጁ ከመሰላሉ ላይ ሆኖ ለጓደኛው ሲናገር ሰማሁት። «ችግር የለም፣ ሽታውም ጠፋ» አለው።

ጉልበቴ ከዳኝ። ሽታው አልጠፋም ነበር። የጠፋው የልጁ አፍንጫ ነው። ጮኼ ሳልጨርስ ልጁ ወደቀ። ጓደኛው «ወንድሜን!» ብሎ ተከተለው። ሦስተኛው ሊወርድ ሲል ቀበቶውን ይዤ መሬት ላይ ጣልኩት። «ማንም እንዳይወርድ!» እያልኩ እጮኻለሁ። አንዲት ጎረቤቴ «አንተ ጨካኝ፣ ሰው እየሞተ ቆመህ ታያለህ?» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ከውጭ ለሚያይ ጭካኔ ይመስላል። ሁለተኛው ልጅ መሰላሉ ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቶ ስለነበር ገመድ ጥለን ጎተትነው። ተረፈ። የመጀመሪያውን የእሳት አደጋ ሠራተኞች የአየር ሲሊንደር አዝለው ወርደው አወጡት። ነፍሱ ወጥታ ነበር።

ለቅሶ ድንኳኑ ውስጥ «ጋኔን ነው የመታው» የሚል ወሬ ነበር። እናቱ ከገጠር መጡ። ሦስተኛው ቀን ላይ ስለ ሥራዬ ነገሯቸው መሰለኝ፣ አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ። «ልጄ፣ ምን ነበር ጉድጓዱ ውስጥ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «ይታያል?» አሉኝ። አይታይም አልኳቸው። «ታዲያ አንተ እንዴት አወቅኸው?» አሉ። ተምሬ ነው አልኳቸው። ዝም ብለው ቆዩና «እሱንም አስተምረውት ቢሆን» አሉ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ ስላጣሁ ነው።

ጋኔን አይደለም። ስም አለው። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይባላል። ማጣሪያው ውስጥ 11 ዓመት ሙሉ ሳጥበው የኖርኩት ጋዝ ራሱ ነው። ሰልፈር ያለበት ነገር አየር በሌለበት ሲበሰብስ ይፈጠራል። ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ የሚገኘው ለዚህ ነው። ከመሬት በታች ሺህ ሜትሮች ጥልቀት ላይ ደግሞ በሙቀት ይፈጠራል።

ስለዚህ ጋዝ አንድ ነገር ብቻ ከያዛችሁ ይህን ያዙልኝ። አፍንጫን አትመኑ። ጋዙ ከሚሊዮን የአየር እጅ ውስጥ የአንድ እጅ ክፋይ እንኳ ሲሆን ይሸታል። ሙያተኞች ይህን ልኬት ፒፒኤም ይሉታል። 100 ፒፒኤም አካባቢ ሲደርስ የማሽተት ነርቭን ያደነዝዛል። ያን ጊዜ ሰው «ነፋሱ ወሰደው» ብሎ ያስባል። ከ500 እስከ 700 ሲሆን በደቂቃዎች ውስጥ ራስን ያስታል። ወደ 1000 ሲጠጋ ጥቂት ትንፋሽ ይበቃል። ከአየር ስለሚከብድም ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል፣ ክዳን ሲነሳ አይበንም። ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ዝቃጭ በእንጨት ሲነካ ወይም በእግር ሲረገጥ ደግሞ ታምቆ የቆየው ጋዝ በአንድ ጊዜ ይለቀቃል።

ሻማ በገመድ አውርደው የሚፈትሹ አሉ። እባካችሁ ተዉት። ሻማው ስለዚህ መርዝ ምንም አይነግራችሁም። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ አየር ውስጥ ከ4 በመቶ ትንሽ ሲያልፍ ይቀጣጠላል። ጉድጓድ ውስጥ ደግሞ ሚቴንም አብሮት አለ።

እኔም ጀማሪ እያለሁ አፍንጫዬን አምን ነበር። ወደ ዓረብ አገር ስሄድ እናቴ የብር መስቀል አንገቴ ላይ አስራልኝ ነበር። ሥራ ከጀመርኩ ሦስት ወር ሳይሞላኝ መስቀሉ ጠቆረ። በጨው ባሸው፣ በጨርቅ ብፈትገው ተመልሶ ይጠቁራል። የፈረቃ አለቃዬ ፀጉራቸው የሸበተ ህንዳዊ ነበሩ። መስቀሉን በጣታቸው ነክተው «ይሄ ጋዝ እንደነበረ ነግሮሃል፤ ግን ዘግይቶ ነው የሚነግርህ» አሉኝ። ከዚያ ደረቴ ላይ የተሰካውን መለኪያ መታ መታ አደረጉት። «ይሄ ግን በጊዜው ይነግርሃል።» መለኪያዋ የክብሪት ቀፎ ታክላለች። 10 ፒፒኤም ላይ ትጮሃለች፣ ትንቀጠቀጣለች፣ ቀይ መብራት ታበራለች። 11 ዓመት ያለሷ በር አልገባሁም። ሥራውን ስለቅ በር ላይ አስረክቤ ወጣሁ። ያን የነሐሴ ቀን ባዶ ደረቴን ዳሰስኩት።

አሁን ወደ ጋዝ ማጠቡ ልመለስ። ጉዳዩ ከጉድጓዱ የራቀ ሊመስል ይችላል፣ ግን ያው አንድ ጉዳይ ነው።

ከመሬት የሚወጣ የተፈጥሮ ጋዝ በአብዛኛው ሚቴን ነው። ከእሱ ጋር ግን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይመጣል፣ ብዙ ቦታ ላይ ደግሞ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይጨመርበታል። ሁለቱም ውሃ ሲያገኙ አሲድ ይሆናሉ፣ ብረት ይበላሉ። አሲድ ጋዝ የሚባሉት ለዚህ ነው። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የበዛበትን ጋዝ በሙያው ቋንቋ ጎምዛዛ ይሉታል። ፈረንሳይ ውስጥ ላክ የሚባለው መስክ እ.ኤ.አ. በ1951 ሲገኝ ከጋዙ 15 በመቶ ያህሉ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ነበር። ነዳጅ ማጣሪያ ውስጥም እንዲሁ ነው። ናፍጣ ውስጥ ያለው ሰልፈር በሃይድሮጅን ተገፍቶ ሲወጣ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ሆኖ ነው የሚወጣው። ናፍጣው ንጹሕ በሆነ ቁጥር መርዙ የሆነ ቦታ መያዝ አለበት። የሚያዘው እኛ ጋ ነበር።

የምናጥብበት ፈሳሽ አሚን ይባላል። አሠራሩን ሮበርት ቦተምስ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1930 የፈጠራ መብት አግኝቶበታል። ዛሬም መሠረቱ አልተለወጠም። አሚኑ በውሃ ተበጥብጦ ከረጅም ማማ አናት ላይ ይወርዳል። ጋዙ ከታች ይገባል። ማማው ውስጥ ይተላለፋሉ። ሲተላለፉ አሚኑ አሲዱን ጋዝ ይዞ ይቀራል። ንጹሑ ጋዝ ከላይ ይወጣል።

ለሰው ሳስረዳ ሁልጊዜ በታክሲ ነው የምመስለው። አሚን ማለት ከቱሉ ዲምቱ ሳሪስ የሚመላለስ ሚኒባስ ነው በሉ። ማማው ውስጥ ተሳፋሪ ይጭናል። ሲሞላ ወደ ሁለተኛው ማማ ይሄዳል። እዚያ ከታች በእንፋሎት ይፈላል፣ 120 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ። ሙቀቱ «ወራጅ!» ይላል። ተሳፋሪዎቹ ይወርዳሉ። አሚኑ ባዶውን ቀዝቅዞ ይመለሳል፣ እንደገና ይጭናል። ታዲያ ሳሪስ ላይ ግማሾቹ ሳይወርዱ ታክሲው ቢመለስ ምን ይሆናል? ቱሉ ዲምቱ የቆመው ሰው ቦታ ያጣል። እንፋሎቱ ካነሰ አሚኑ ውስጡ ሳይራገፍ ይመለሳል፣ መርዙም ንጹሕ ነው በተባለው ጋዝ ውስጥ ያልፋል። ከላይ ሲታይ ሁሉም ነገር ይሽከረከራል። ፓምፑ ይሠራል፣ ፈሳሹ ይፈሳል። ማወቅ የሚችለው ናሙና ወስዶ የሚመረምር ሰው ብቻ ነው።

ይህን የማወጋችሁ ማሽኑ ብቻውን እንደማይበቃ እንድታዩልኝ ነው። አንድ ሌሊት ላውጋችሁ። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ይሆናል። ማማው ላይና ታች ባለው ግፊት መካከል ያለው ልዩነት ቀስ እያለ መውጣት ጀመረ። ስክሪኑ ላይ መስመሯ እንደ ዳገት ትወጣለች። ከዚያ ታች ያለው የፈሳሽ መጠን ወረደ። ፈሳሹ የት ገባ? አረፋ ሆኗል። ጀበና ሲገነፍል እንደሚያደርገው፣ አሚኑ አረፋ ሆኖ ወደ ላይ እየተገፋ ነው። ትንሽ ቢቆይ ከንጹሑ ጋዝ ጋር ተያይዞ ይወጣል፣ ማጠቡም ይቆማል።

ቴርሞሜትሩን አየሁ። ያን ሌሊት በረሃው በርዶ ነበር። ማቀዝቀዣው አሚኑን ከሚገባው በላይ አቀዝቅዞታል። ሕጉ ግልጽ ነው። የሚወርደው አሚን ከሚገባው ጋዝ 5 ዲግሪ ያህል መሞቅ አለበት። ከቀዘቀዘ ጋዙ ውስጥ ያለው ዘይትነት ያለው ክፍል ማማው ውስጥ ወደ ፈሳሽነት ይለወጣል። ዘይት አሚን ውስጥ ከገባ አረፋ ነው። የማቀዝቀዣውን አየር ቀነስኩ። የጋዙን ፍሰት ዝቅ አደረግኩ። ጓደኛዬ ፀረ አረፋ መድኃኒት በልክ ጨመረ። በልክ ነው ያልኩት፣ ምክንያቱም ከበዛ ራሱ አረፋ ያመጣል። በሃያ ደቂቃ መስመሯ ወረደች። ማንም አልሰማም። ጋዜጣ ላይ አልወጣም። ደግ ቀን ማለት ለእኛ እንዲህ ነው።

ክፉ ቀኑን ደግሞ ዓለም ያውቀዋል። ሐምሌ 1984 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ኢሊኖይ ውስጥ ሮሚዮቪል በሚባል ቦታ፣ አንድ ማጣሪያ ውስጥ እንዲሁ አሚን የሚሠራበት ማማ ነበር። አንድ ኦፕሬተር ማማው ላይ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ስንጥቅ አየ። ጋዝ ይፋጫል። ቫልቭ ሊዘጋ ሲሞክር ስንጥቁ ረዘመ። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ደረሱ። ማማው ፈነዳ። የላይኛው ክፍሉ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ተወረወረ። 17 ሰው ሞተ፣ ብዙዎቹ ሊያድኑ የመጡት ነበሩ። ማማው ቀደም ሲል ተበይዶ ተጠግኖ ነበር። ብየዳው አጠገብ ያለው ብረት ከጋዙ የመጣው ሃይድሮጅን ገብቶበት ቀስ በቀስ ተሰንጥቋል። ታኅሣሥ 2003 እ.ኤ.አ. ደግሞ ቻይና ውስጥ፣ ቾንግቺንግ አጠገብ ካይሺየን በሚባል ወረዳ፣ እየተቆፈረ የነበረ የጋዝ ጉድጓድ ከቁጥጥር ወጣ። ጎምዛዛው ጋዝ በሌሊት ወደ መንደሮቹ ወረደ። 243 ሰው ሞተ። አብዛኞቹ ገበሬዎች ነበሩ። ስለ ጋዝ ሥራ የሚያውቁት ነገር አልነበረም። እንደኛ ሰፈር ሰዎች ማለት ነው።

«ይህ ሁሉ ከእኛ ጋር ምን አገናኘው?» የምትሉኝ ትኖራላችሁ። በሶማሌ ክልል ያለው የካሉብ ጋዝ ከተገኘ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል። መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም. የመጀመሪያው የፈሳሽ ጋዝ ማምረቻ ተመረቀ። በዓመት 111 ሚሊዮን ሊትር ተብሏል። እሰየው ነው። ዓይኔ እንባ አቅርሯል። ጎዴ ላይ የነዳጅ ማጣሪያና የማዳበሪያ ፋብሪካ ሥራም ተጀምሯል። ሦስቱም፣ አዎ ሦስቱም፣ ጋዝ ሳያጥቡ አይሠሩም።

ፈሳሽ ጋዝን ውሰዱ። ሚቴን ፈሳሽ የሚሆነው ከዜሮ በታች 162 ዲግሪ ላይ ነው። ያን ጊዜ መጠኑ 600 እጥፍ ያህል ያንሳል፣ በመኪና ይጫናል። በዚያ ቅዝቃዜ ግን ካርቦን ዳይኦክሳይድ በረዶ ይሆናል። በረዶው የማቀዝቀዣውን ቀጫጭን መተላለፊያ ይደፍነዋል። ስለዚህ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከ50 ፒፒኤም በታች እስኪወርድ ድረስ ጋዙ ይታጠባል። ማዳበሪያም እንዲሁ ነው። ጋዙን ወደ ሃይድሮጅን የሚቀይረው ኒኬል በጥቂት ሰልፈር ይመረዛል፣ ስለዚህ ሰልፈሩ አስቀድሞ መውጣት አለበት። በኋላ ደግሞ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ በአሚን ይያዛል። እዚህ ጋ ግን ደስ የሚል ነገር አለ። የተያዘው ካርቦን ዳይኦክሳይድ አይጣልም። ከአሞኒያ ጋር ተገናኝቶ ዩሪያ የሚሆነው እሱ ነው። የገበሬው ከረጢት ውስጥ ከሚገባው ግማሹ ነገር ከማጠቢያው የመጣ ነው ብል አላጋነንኩም።

ከማጣሪያ የሚወጣው ሃይድሮጅን ሰልፋይድም ቢሆን ገንዘብ ነው። ካርል ክላውስ እ.ኤ.አ. በ1883 ባስመዘገበውና በኋላ በተሻሻለው ዘዴ፣ ሲሶው ይቃጠልና የተቃጠለው ከቀረው ጋር ተገናኝቶ ንጹሕ ሰልፈር ይሆናል። ቀልጦ ሲወርድ አይቻለሁ። እንደ እርድ ቢጫ ነው፣ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይፈካል። ገዳይ የነበረው ነገር በጆንያ ይከመራል። ዛሬ በዓለም ገበያ ላይ ያለው ሰልፈር አብዛኛው እንዲህ ከዘይትና ከጋዝ የሚወጣ ነው። ሰልፈሪክ አሲድ ይሠራበታል። ሰልፈሪክ አሲድ የሚያመርት ፋብሪካ እኛም አዋሽ መልካሳ ላይ አለን። ቀለበቱ እዚሁ አገር ውስጥ ሊገጥም ይችላል።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው። ማማውን ማን ይጠብቀዋል? የውጭ ባለሙያ ተክሎ፣ አስጀምሮ፣ ለጥቂት ዓመት አሠርቶ ይሄዳል። በዘጠኝ ሰዓት ሌሊት መስመሯ ሽቅብ ስትወጣ ፓነሉ ፊት የሚቀመጠው የእኛ ልጅ መሆን አለበት። ምልክቱን የሚያነብ፣ ለምን እንደሆነ የሚገባው፣ «አቁሙ» ለማለት የማይፈራ።

ይህ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። በሶቪየት ኅብረት እገዛ የተሠራው የአሰብ ነዳጅ ማጣሪያ እ.ኤ.አ. በ1967 ሥራ ጀምሮ እስከ 1997 ቆይቷል። በየፈረቃው የቆሙት የአገር ልጆች ነበሩ። አንዳንዶቹ ዛሬ በእኛው ሰፈር ጡረታ ወጥተው ይኖራሉ። ከአንዱ ጋር ቡና ስንጠጣ ስለ ማጣሪያው ሲያወሩ እጃቸው ሳያውቁት ቫልቭ ይዞራል። ያ እውቀት ከእሳቸው ጋር እንዲቀበር አልፈልግም። ከዓረብ አገር ማጣሪያዎች የተመለስነውም ጥቂት አይደለንም። የምስክር ወረቀታችን ሻንጣ ውስጥ ነው። አንዱ ጓደኛዬ ላዳ ይነዳል፣ ሌላው ሱቅ ከፍቷል። ሥራ ሁሉ ክቡር ነው፣ ግን አገሪቱ በሌላ በኩል ኦፕሬተር ትፈልጋለች።

ስለዚህ የተከበራችሁ የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ኃላፊዎች፣ በከተማዋ ዳር ባሉት የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ውስጥ የጋዝ ማጽዳት ኦፕሬተር የሚባል ሙያ ክፈቱልን። ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። አንድ ክፍል የሚሞላ ትንሽ ማማ በቂ ነው። መስታወት ቢሆን ደግሞ ልጆቹ አረፋውን በዓይናቸው ያያሉ። ለልምምድ መርዝ አያስፈልግም። ለስላሳ መጠጥ ውስጥ የሚገባው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከናይትሮጅን ጋር ተቀላቅሎ ይበቃል፣ አየሩ በደንብ የሚናፈስበት ክፍል ይሁን እንጂ። አሚኑ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ሲይዝ፣ ሲፈላ ሲለቅ፣ ሲቆሽሽ አረፋ ሲሆን ሁሉም እዚያው ይታያል። ከሰፈራችን ብዙ የማይርቀው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የኬሚካል ምህንድስና መምህራን አሉት። እነሱ ስሌቱን፣ እኛ እጁን ብንሰጥ ልጆቹ ሙሉ ሆነው ይወጣሉ። ከዚያ ፋብሪካዎቹ ውስጥ ከውጭ ባለሙያ ጎን እንዲቆሙ ይደረግ። ውሉ ላይ ይጻፍ። ቃል ብቻ ከሆነ ይረሳል።

የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ደግሞ ጋዝ የጫነ መኪና ከመንገዳችን ከመብዛቱ በፊት፣ በመንገዱ ዳር ለምንኖረው ሰዎች ወርዳችሁ አስረዱን። ፈሳሽ ጋዝ ቢፈስ ምን ይደረጋል? በየት በኩል ይሮጣል? ስልኩ ወዴት ይደወላል? የቀበሌ አዳራሽ አለን፣ ወንበር አለን፣ ሰው እንሰበስባለን።

ስለ ጉድጓዱ ነገር ግን ከሁሉም በላይ አጥብቄ እለምናለሁ። የፍሳሽ መምጠጥ ፈቃድ የሚሰጥ አካል ሁሉ መለኪያ የሌለውን መኪና ፈቃድ አይስጥ። መለኪያውም እንዲያው ለታይታ አይሁን። መጠኑ በታወቀ ጋዝ እየተፈተሸ ይጩህ አይጩህ ይታይ፣ ምክንያቱም ውስጡ ያለው ጋዙን የሚለየው ክፍል ያረጃል። መግባት የግድ ከሆነ ከላይ የሚይዝ ሰው፣ የሚጎትት ገመድ፣ አየር የሚነፋ ማራገቢያ ይኑር። ሰው ከወደቀ ያለ አየር ሲሊንደር ማንም አይከተል። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር በየመኪናው ጎን ላይ በትልቁ ጻፉልኝ።

ጎረቤቶቼ፣ በተለይ ወደ ሰንዳፋና ሱሉልታ በኩል ከብት አርብታችሁ ባዮጋዝ የምታነዱ ዘመዶች ያሏችሁ፣ አንድ ነገር ንገሩልኝ። ባዮጋዝ ውስጥም ይኸው ጋዝ አለ። ምድጃ ያዝጋል፣ ዓይን ያቃጥላል። ቧንቧው ላይ የዛገ የብረት ሽቦ፣ ያ ድስት የምንፈትግበት ዓይነት፣ በጣሳ ውስጥ ከተደረገ ሰልፈሩን ይዞ ያስቀራል። ዝገቱ ይጠቁራል። ሲጠቁር መለወጥ ነው። ግን ጥቁሩ ሽቦ ደርቆ አየር ሲያገኝ ራሱን ሊያግል፣ ሊነድ ይችላል። ማጣሪያ ውስጥ እኛም ይህንኑ እንፈራ ነበር፣ ያረጀ ፊልተር ስንከፍት ውሃ እያርከፈከፍን ነበር የምናወጣው። እናንተም ውሃ አድርጉበት። ገለባ ወይም ኩበት አጠገብ አትጣሉት።

እኔ በበኩሌ የምሰጠው አለኝ። በየፈረቃው የጻፍኳቸው ስድስት ማስታወሻ ደብተሮች አሉኝ። የትኛው ቀን ምን ሆነ፣ ምን አደረግን፣ ምን ተሳሳትን ሁሉም ተጽፏል። ግማሹን ወደ አማርኛ መልሻለሁ፣ ቀሪውን ማታ ማታ እየጨረስኩ ነው። ቅዳሜና እሁድ ያለ ክፍያ አስተምራለሁ። ከሞት የተረፈው ልጅ አሁን ደኅና ነው፣ ተመልሶ እዚያው የመምጠጥ ሥራ ላይ ገብቷል። ባለፈው እሁድ ቤቴ መጥቶ ነበር። ገና ደመወዝ ሲወጣለት መለኪያ እንደሚገዛ ነገረኝ፣ የት እንደሚሸጥ ጠየቀኝ። የመጀመሪያው ተማሪዬ እሱ ነው። ደብተር ገዝቶ መጥቷል፣ ገጽ አንድ ላይ የጻፈው «ሽታው ከጠፋ ሩጥ» የሚል ነው።

መልሳችሁን እጠብቃለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የቱሉ ዲምቱ ነዋሪ፣ የቀድሞ የነዳጅ ማጣሪያ ኦፕሬተር